ማን ነው የቆላው?

ነጋዴ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው ግዙልኝ እያለ ይለምናችኋል፤ ሁለተኛውን ሽጥልን እያላችሁ እናንተ ትለምኑታላችሁ። ሁለተኛው ዓይነት በየትልልቁ ከተማ ይገኛል፤ የሚሸጠውም አብዛኛውን ጊዜ ቡና ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ቡና መርጦ፣ ቆልቶ የሚሸጥ ሱቅ ገብታችሁ "ግማሽ ኪሎ ስጠኝ" ብላችሁ የምታውቁ ሁሉ ሰውየውን ታውቁታላችሁ። መነጽሩን ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ "የየት አገሩን?" ይላል። "ቡና ነዋ!" ስትሉት ዓይኑን ወደ ጣሪያ ይሰቅላል። ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ ገዢነታችሁ ቀርቶ ተከሳሽ ናችሁ።

እኛ የደጋዋ ከተማ የዘመሮ ሰዎች ይህን ሰው ለማየት አዲስ አበባ ድረስ መንከራተት አላስፈለገንም። በሚሊኒየሙ ዓመት በገዛ እግሩ መጣልን። ክቡር ሊቀ ቡና ወንዳፈራሁ (ማዕረጉን የሰጠናቸው እኛ ነን፤ ሲሰሙት ግን አልተቃወሙም) ከዘመሮ በወጣትነታቸው ወጥተው ሃያ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ ውስጥ የሰው ቡና ሲቆሉ ኖሩ። ከዚያ በእጅ የሚዞር የቡና መቁያ በርሜላቸውን አይሱዙ ላይ አስጭነው ወደ አገራቸው ተመለሱ። ያን ጊዜ በእኛ ገበያ ቡና ከጨውና ከላምባ ጎን ተቀምጦ በጣሳ የሚሰፈር ተራ ሸቀጥ ነበር። "ቡና አለ?" "አለ።" በቃ፣ አለቀ። ሊቀ ቡና ይህን ሰላማዊ ኑሯችንን አናጉት።

ሱቃቸው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ያለች አንዲት ክፍል ናት። ሐረር፣ ሲዳማ፣ ይርጋ ጨፌና ሊሙ በአራት ጆንያ ተሰልፈው ይቆሙባታል፤ ብርድ እንዳይመታቸውም በበግ ጠጉር ባና ተሸፋፍነዋል። ባለቤታቸው ግን በስስ ኮት ይንቀጠቀጣሉ። በሩ ላይ በቀይ ቀለም "የተመረጠ ቡና መሸጫ። ዱቤ የለም። ጨው የሚጨምር አይግባ" ተብሎ ተጽፏል። እኛ ደግሞ ቡናን ያለ ጨው የምናውቀው ጨው ሲጠፋ ብቻ ነበር።

ዘመኑ የግምገማ ዘመን ነበር። ወረዳው ቀበሌውን ይገመግማል፣ ቀበሌው ሊቀ መንበሩን ይገመግማል፣ እኛ መምህራን እርስ በርስ እንገማገማለን። ሊቀ ቡና ደግሞ ደንበኞቻቸውን ይገመግሙ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ከሁሉም የከረረው የእሳቸው ነው። አንድ የወረዳ ካድሬ አንድ ለአምስት ሊያደራጃቸው መጥቶ ግማሽ ሰዓት ስለ ልማት ሲያስረዳቸው በጸጥታ አዳመጡት። ሲጨርስ አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁት።

"ልጄ፣ ቡና ላይ ጨው ትጨምራለህ?"

"አዎ፣ ትንሽ።"

"እንግዲያስ በአንተ መሪነት የትም አልሄድም" አሉት።

እኔም አላመለጥኩም። የመጀመሪያ ቀን ስገባ "ሐረር ግማሽ ኪሎ" አልኩ፤ የጆንያውን ስም ከውጭ አጥንቼ ነበር የገባሁት።

"ማን ነው የሚቆላልህ፣ መምህር?"

"ባለቤቴ።"

"በምን እሳት?"

"በኩበት ነዋ፣ ሊቀ ቡና። እንጨት ከየት ይምጣ?"

"ሐረርን በኩበት!" አሉና ባናውን መልሰው ጆንያው ላይ ጎተቱት። የሸጡልኝ ከጥግ ካስቀመጧት አምስተኛ ጆንያ ነው፤ ስሟን ራሳቸው "የኩበት ቡና" ብለዋታል። ቤቴ ስደርስ ባለቤቴ ቀምሳ "እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ቡና ጠጥቼ አላውቅም" ስትለኝ ይበልጥ ተናደድኩ።

የሚያናድደው ሌላው ነገር ትክክል መሆናቸው ነው። "እዚህ ደጋ ላይ ውሃው ቶሎ ይንተከተካል፤ ፈላ ብላችሁ አትታለሉ፣ ሙቀቱ ገና ነው" ይሉን ነበር። ፊዚክስ አስተማሪ ነኝና ላሳፍራቸው ብዬ መጽሐፍ ገለጥኩ። መጽሐፉ ከእሳቸው ጋር ወገነ።

አንድ አባባል ነበራቸው፤ ዘመሮ ውስጥ ሕፃናት ሳይቀሩ በቃላቸው ያውቁታል። "ሰው ይቅር ይላል፤ ቡና ይቅር አይልም።" አንዴ ያሳረርከው አሮ ቀረ ማለታቸው ነው። ይህን ባሉ ቁጥር ግን ይቅር የማይሉት እሳቸው ናቸው። ሱቃቸው ውስጥ ቢሆን በራሳቸው ደጅ ነው እንላለን። ችግሩ ሰው ቤት ሲቀመጡ ነው። ስኒውን ይቀበላሉ፣ ሦስት ጊዜ ያሸታሉ፣ ድምፅ አውጥተው አንድ ጊዜ ፉት ይላሉ፣ ዓይናቸውን ይጨፍናሉ። ከዚያ ያቺ የፈራናት ጥያቄ ትወጣለች፦ "ማን ነው የቆላው?"

ከጥያቄው በኋላ ፍርድ አለ። ለቅሶ ቤት ተቀምጠው "ሟቹን ነፍስ ይማር፤ ቡናው ግን አሯል" ያሉ ሰው ናቸው። የመናኸሪያዋ ባለ ሆቴል ወይዘሮ ብርነሽ ጉዳይማ እስከ ዓለም ከተማ ተሰምቷል። አውቶቡስ ሙሉ መንገደኛ ቁርስ በሚበላበት ሰዓት ሊቀ ቡና አንድ ፉት አሉና ብድግ ብለው ቆሙ። "ወገኖቼ!" አሉ፣ ስብሰባ እንደሚመራ ሰው። "የምትጠጡት ገብስ ነው። ቡና ቀርቶ የቡና ጎረቤት አይደለም!" ወይዘሮ ብርነሽ ከዚያን ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰላም አላሏቸውም፤ እሳቸውም ሰላምታውን አልፈለጉም።

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል። የሊቀ ቡና ራስ ተመልጦ አልቋል፤ አፋቸው ግን ገና እያመለጠ ነበር። እንግዲህ እኚህን ሰው ይዤ ነው ልጅ ልጠይቅ የሄድኩት።

ነገሩ እንዲህ ነው። የእህቴ ልጅ ምንይሉ የአይሱዙ ሹፌር ነው። ጓሳ አፋፍ ላይ ካለ ቀበሌ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ የሆነች ትሕትና የምትባል ልጅ ወደደ፤ እሷም ወደደችው። እናቷ ወይዘሮ ጥሩሸዋ ግን ባላቸው ከሞተ ወዲህ ቤታቸውን ብቻቸውን ቀጥ አድርገው የያዙ፣ ከማንም ምንም የማይለምኑ ኩሩ ሴት ናቸው። መጀመሪያ ሽማግሌ ስንልክ "ሹፌር በየከተማው ቤት አለው" ብለው መለሱን። ብዙ ከተለመኑ በኋላ ለመልስ የመጨረሻ ቀን ሰጡን። ምንይሉ ሁለት ሳምንት እህል በአግባቡ አልበላም፤ መሪ ይዞ ሲፈዝ እያየሁ አብሬው መሳፈር ፈርቼ ነበር።

ሊቀ ቡና የምንይሉ የክርስትና አባት ናቸው፤ አዲስ አበባ ከመሄዳቸው በፊት ክርስትና ያነሱት እሳቸው ናቸው። የክርስትና አባት ቆሞ ሳለ ያለ እሱ ሽምግልና መሄድ ነውር ነው። ይዞ መሄድ ደግሞ አደጋ ነው። ሦስተኛ ሽማግሌያችን መምሬ ወልደ አማኑኤል መንገዱን ሙሉ በበቅሎ ላይ ሆነው ገዘቷቸው ማለት ይቻላል።

"ወንዳፈራሁ፣ ቡና ከቀረበ ጠጥተህ ዝም።"

"ዝም እላለሁ፣ አባቴ።"

"ቢያርም?"

ሊቀ ቡና ትንሽ አሰቡ። "ካላረረ ዝም እላለሁ" አሉ።

ጎህ ሲቀድ ተነስተን ቀትር አለፍ ሲል ደረስን። ደንቡ እንደሚያዝዘው ቆመን ጠየቅን። ወይዘሮ ጥሩሸዋ መልሱን ከመስጠታቸው በፊት "ከሩቅ ነው የመጣችሁት፤ በሉ ተቀመጡና አፋችሁን አርጥቡ" አሉን። ዓመቱ ቡና እንደ ወርቅ የተወደደበት ዓመት ነው። ደኅና ያለው ሰው እንኳ ለበዓል ብቻ ነበር የሚያፈላው። ትሕትና ስኒውን ስታዞር ከስኒው የሚወጣውን ሽታ እኔም፣ የቡና ነገር ያልተማርኩት፣ አወቅሁት። የእናቴ ቤት ቆሎ ይሸታል። ገብስ አለበት።

ሊቀ ቡና ስኒውን ተቀበሉ። አንድ ጊዜ አሸተቱ። ሁለት ጊዜ አሸተቱ። መምሬ ወልደ አማኑኤል ከንፈራቸው መንቀሳቀስ ጀመረ፤ "አቤቱ ማረን" የምትለዋን ለየኋት። ሦስተኛ ጊዜ አሸተቱ። ፉት አሉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። በጋቢው ሥር ጉልበታቸውን ቆነጠጥኩ፤ የሚቆነጠጥ ሥጋ የላቸውም።

"ማን ነው የቆላው?"

ወይዘሮ ጥሩሸዋ የብርነሽን ወሬ ሰምተዋል፤ ፊታቸው ሲለዋወጥ አየሁት። "ምነው? ጎደለው እንዴ?" አሉ፤ ድምፃቸው ቀጥ ያለ ነው፣ እጃቸው ግን የጋቢያቸውን ጫፍ ይጠቀልላል። ምንይሉን አሰብኩት። ዘመሮ መናኸሪያ ላይ ቆሞ መንገድ መንገዱን ያያል።

"እኔ ነኝ፣ አባቴ" አለች ትሕትና ከጓዳው በር።

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በሁለት?"

ልጅቱ ነገሩ ገባት። መሬት መሬት አየችና "በሁለት" አለች ቀስ ብላ።

ሊቀ ቡና የቀረውን እስከ አተላው ጨለጡት። ከዚያ በሕይወቴ አያለሁ ያላልኩትን አየሁ፤ ስኒውን መልሰው ዘረጉ። "ጨምሪልኝ፣ ልጄ" አሉ። ኋላም እስከ ሦስተኛው ጠጡ። ሦስተኛውን ሲጨርሱ ተነስተው ለወይዘሮ ጥሩሸዋ እጅ ነሱ። "እመቤቴ፣ ስንመጣ ልጅ ልንጠይቅ ነበር የመጣነው። አሁን ግን መለመናችን ነው።"

ወይዘሮ ጥሩሸዋ ሰውየው እየቀለዱ እንደሆነ ፊታቸውን መረመሩ። ቀልድ አላገኙባቸውም። "እንግዲያስ ቀን ቁረጡ" አሉ፣ ፊታቸውንም በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ አደረጉ። መምሬ ወልደ አማኑኤል ከደስታቸው ብዛት ምርቃቱን ሁለት ጊዜ ደገሙት።

እዚያው አደርን። በማግስቱ ስንመለስ ሕዝቡ የሚጠብቀው የጓሳ ሣር ገና ለአጨዳና ለግጦሽ አልተፈታም ነበርና በቅሎዎቹ አንገታቸውን ባወረዱ ቁጥር ልጓም እንስባለን። ከሊቀ ቡና ጎን ሆንኩና አላስቻለኝም።

"እውነት ቡናው ጥሩ ነበር?"

"ከሦስት እጅ ሁለት እጁ ገብስ ነው" አሉ ሳይዞሩ።

"ታዲያ...?"

"ገብስና ቡና አብረህ ብትቆላ ገብሱ ቀድሞ ያራል፣ ቡናው ጥሬውን ይቀራል። የብርነሽ እንደዚያ ነው። ይቺ ልጅ ለየብቻ ቆላቻቸው። ገብሱን የቡናውን መልክ እስኪይዝ ሳታሳርር በኩበት እሳት! እኔ በከሰል፣ በበርሜል አልሞክረውም። እንዲህ ያለ ትዕግሥት ሃያ ሁለት ዓመት አዲስ አበባ አላየሁም።"

"ወይዘሮ ብርነሽንስ ለምን ዝም አላሏቸውም?"

አሁን ዞረው አዩኝ፤ ክፍል ውስጥ የማይገባ ጥያቄ የጠየቀ ተማሪን እኔ እንደማየው። "ብርነሽ ቡና ነው ብላ ሸጠችው። እኚህ ሴት ግን ያላቸውን ሰጡን። የሚሸጥና የሚሰጥ አንድ ነው እንዴ፣ መምህር?" አሉና በቅሏቸውን ኮለኮሉ።

ሠርጉ ከፋሲካ በኋላ እንዲሆን ተቆረጠ። ታሪኩ እዚህ ያበቃል ብዬ ነበር። ከሦስት ሳምንት በኋላ ግን በገበያ ቀን፣ ጠራራ ፀሐይ ላይ፣ የሊቀ ቡና ሱቅ ተዘግቶ አገኘሁት። በበሩ ስንጥቅ ጭስ ይወጣል። ታመው ይሆን ብዬ ገፍቼ ገባሁ። ሊቀ ቡና በርሜላቸው ላይ ጎንበስ ብለዋል፤ ፊታቸው በጥላሸት ተለውሷል፣ ከእግራቸው ሥር እንደ ከሰል የጠቆረ እህል ተቆልሏል። አየሁት። ገብስ ነው።

"በሩን ዝጋው!" አሉኝ። "ለሰው ትንፍሽ ብትል የኩበት ቡናም አታገኝም።"

ጀበናው ተጥዶ ነበር። ቀድተው ሰጡኝና ቆመው ይጠብቁኝ ጀመር። አሸተትኩ። ሦስት ጊዜ። ፉት አልኩ፤ አፌ ውስጥ የተቃጠለ ጎማ የገባ መሰለኝ። አሮጌ ቂሜ ሁሉ ተሰብስቦ ምላሴ ጫፍ ላይ ደረሰ። ለዚህች ቀን ሦስት ዓመት ጠብቄያለሁ።

"ማን ነው የቆላው?" አልኩ።

"እኔ ነኝ" አሉ ሊቀ ቡና፤ ድምፃቸው አይሰማም ነበር።

"በአንድ ጊዜ ነው ወይስ በሁለት?"

"በሁለት። ግን... እሳቱ አልታዘዝ አለኝ። ልጅቱን እንዴት እንደምታደርገው አስጠይቄአለሁ፤ 'እጄ ነው የሚያውቀው' ብላ ላከችብኝ።"

ቆመው ነበር፣ ክቡር ሊቀ ቡና፣ ሐረርና ይርጋ ጨፌ በባና ተሸፍነው ከጀርባቸው ተደርድረው፣ ከአንዲት የገጠር ልጅ ገብስ መቁላት ሊማሩ በዚያ ዕድሜያቸው እየተቃጠሉ። ሰውየውን እንደምወዳቸው ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ከቂሜ ሁሉ አንዱንም ማውጣት አቃተኝ። ስኒዬን ጨለጥኩና መልሼ ዘረጋሁት።

"ይጨመርልኝ" አልኩ።

"ትዋሻለህ፣ መምህር።"

"እዋሻለሁ።"

ጀበናውን አነሱ። "ሰው ይቅር ይላል" አሉ። የአባባሉን ሁለተኛ ግማሽ ጠበቅሁ። አልመጣም። ስኒዬን ሞልተው ቀዱልኝ።