የቱቅባው የሸክላ ጠበቃ

ሐበሻ ተሰብስቦ በሚኖርበት ቤት ሁሉ፣ ወላሂ፣ አንድ የሙዚቃ ሸክላ ጠበቃ አይጠፋም። ስልክህ ላይ ዘፈን ከፍተህ ደስ ሲልህ አጠገብህ ይቀመጥና «አሁን ይሄ ሙዚቃ ነው?» ይልሃል። አለቀልህ።

የሳዑዲዋ የቱቅባ ከተማ ክቡር ጠበቃ ጋሽ አብዱሽኩር ናቸው። ልብስ ሰፊ፣ የመኖሪያ ፈቃዳቸው፣ ኢቃማቸው፣ የታደሰ፣ ምላሳቸው የማያርፍ። አንድ ፈረንጅ አገሩ ሲገባ የጣለውን የሸክላ ማጫወቻ ተሸክመው አምጥተው፣ ከደሴ ባስመጧቸው ሦስት ሸክላዎች አብረዋቸው የሚኖሩ ስድስት ሰዎች ያሰቃያሉ።

«ስልክህ ውስጥ ሺህ ዘፈን አለ፤ አንዱን ሳትቆርጥ ሰምተህ ታውቃለህ?» ይሉታል ከስድስቱ አንዱን፣ ኢስሀቅን።

«የእርስዎ ደግሞ ዘፋኙ ሳይጀምር ሽሮ ይንተከተካል፣ ጋሼ!»

«እሱ ነው ጣዕሙ!»

ኢስሀቅ ግን ስልክን የመረጠው ፈርቶ ነው። ካፊሉ፣ በስሙ ያስመጣው አሠሪ፣ ጠፋብኝ ብሎ ሁሩብ፣ ማለትም ኮብላይ፣ አድርጎ አስመዝግቦታል፤ ከተያዘ እስር፣ ከዚያ ባዶ እጁን አገሩ። ዓመቱ በፈረንጆች 2017 ነው፤ ወረቀት ለሌላቸው የተሰጠው የምሕረት ጊዜ አልፎ ፍተሻው ከፎቅ ፎቅ ይዞራል። ደረጃ ላይ የጫማ ድምፅ በተሰማ ቁጥር ዓይኑ ወደ ሽንት ቤቱ ይሄዳል። ስለዚህ ኤርፎኑን ሰክቶ፣ የሌለ መስሎ ይኖራል።

አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ሌሎቹ ባሕሩ ዳር፣ ኮርኒሽ ወጥተው፣ እንደዚያው ሰክቶ ተጋድሟል። ጋሽ አብዱሽኩር ኤርፎኑን ከጆሮው መነጨቁት።

«ተነስ! በር ሲደበደብ አትሰማም?»

ኢስሀቅ ሽንት ቤት ገብቶ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ። ጋሽ አብዱሽኩር በሩን ከፈቱ።

«ኢቃማ!» አለ ፈታሹ። አሳዩት። «ሌላ ሰው አለ?»

«አለ እንጂ!»

ኢስሀቅ የሽንት ቤቱን በር እጀታ ጨበጠ።

«አስራ አንድ ሰው አለ!» ብለው ሸክላውን ፊቱ ደቀኑበት። «እዚህ ጋ ከበሮ መቺው፣ እዚህ ጋ ጥሩምባ ነፊው። በስልክ ብትሰማቸው ግማሾቹ ይጠፉብሃል...» በተሰባበረ ዓረብኛ ወረዱበት። ስለ መርፌው፣ ስለ አቧራው፣ ስለ ፍጥነቱ። ፈታሹ መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ሰዓቱን አየ። በመጨረሻ «ኸላስ፣ ያ ሀጂ፣ ኸላስ! በቃኝ!» እያለ ደረጃውን ወረደ።

ኢስሀቅ ሲወጣ ጋሽ አብዱሽኩር መርፌዋን ሸክላው ላይ ለማሳረፍ ይታገላሉ። አንዴ ከዳር፣ አንዴ ከመሃል ትስትባቸዋለች።

«ፈሩ እንዴ፣ ጋሼ?»

«ዝም በል። ላቤን አታይም?»

እጃቸውን ያዘላቸው። አብረው አሳረፏት። ጎን ለጎን ወለሉ ላይ ቁጭ ብለው የሸክላውን አንድ ፊት አዳምጠው ጨረሱ።

«ጋሼ» አለ ኢስሀቅ፣ «እስቲ ይገልብጡልኝ።»