የሼህ ሙሄ ሥር እና የእኔ ምክር

የተማረ ሰው ሲሰስት አይታችሁ ታውቃላችሁ? ያልተማረው ቢሰስት እህሉን ነው፤ ቢበዛ ጎተራውን ይቆልፋል። የተማረው ግን ስስቱን «ጥንቃቄ» ይለዋል፣ ምክንያት ይደረድርለታል፣ ካላመናችሁትም ስላይድ ሠርቶ ያስረዳችኋል። ይህን የምለው ሰው ለማማት አይደለም። ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር የምኖር የኬሚስትሪ መምህር ነኝ፤ የማማው ራሴን ነው።

ጓደኛዬ ሰይድ ኮምቦልቻ አንድ ፋብሪካ ላብራቶሪ ውስጥ ይሠራ ነበር። ትርፍ ጊዜውን የምትበላው የሼህ ሙሄ ሥር ነበረች። ሼህ ሙሄ የቢስቲማ ሰው፣ አልሽር ላለ ቁስል የምትሆን ሥር የሚያውቁ ሽማግሌ ነበሩ። የአገሩ ደንብ የታወቀ ነው፤ መድኃኒት አዋቂ የሥሩን ስም ለማንም አይናገርም፣ ሊሞት ሲል ለልጁ በጆሮው ሹክ ይላል እንጂ። ሼሁ ግን ሰይድን አስጠርተው ስሟን ነገሩትና፣ «በአፍህ ለአንድም ሰው እንዳትነግር፣ ወላሂ በል። አንድ ሰው ብቻ ካወቃት ይነግድባታል። ጽፈህ ለዓለም ሁሉ በትናት፤ የአላህ ናት» አሉት። ማለ።

ሁለት ዓመት ለፋ። ከሥሯ ውስጥ የሚሠራውን ነገር ነጥሎ አወጣ፣ አዲስ አበባ እየተመላለሰ አስለካ፣ በመጨረሻ መዋቅሩ አንድ ፋይል ውስጥ ገባ፤ እያንዳንዱ አቶም የት እንደቆመ፣ ከማን ጋር እንደተያያዘ፣ ከላይ ደግሞ የሥሯ ስም። እንዲህ ያለውን ፋይል ማንም በነፃ የሚጭንበት፣ ማንም በነፃ የሚያወርድበት ድረ ገጽ አለ። ሰይድ ሊጭነው ተቀመጠ። አስቆምኩት።

«አብደሃል እንዴ? ነገ ፈረንጅ አውርዶ፣ መድኃኒት ሠርቶ መልሶ ይሸጥልሃል! መጀመሪያ በስምህ ይመዝገብ።»

«ለሼሁ እኮ ቃል ገብቻለሁ።»

«ሼሁ ኢንተርኔት ምን እንደሆነ መቼ ያውቃሉና!»

ምነው ያን ቀን ምላሴን በቆረጠው! በኢሜይል አትላከው አልኩት፤ አልላከውም። ያስለካህበት ቦታ ቅጂ እንዳይቀር አልኩት፤ አስጠፋ። ማንንም አትመን ስላልኩት ለእኔም አልሰጠኝም። ጎበዝ አስተማሪ አይደለሁ? ፋይሉ አንድ ላፕቶፕ ውስጥ ሆኖ ምዝገባውን ሲጠብቅ ጦርነቱ ደረሰ። ላብራቶሪው ተዘረፈ፤ ላፕቶፑ ከወንበሩና ከመጋረጃው ጋር አብሮ ሄደ። ሰይድም ስንሸሽ መንገድ ላይ ታሞ፣ ደሴን ዳግመኛ ሳያይ ሞተ። ከወንድም የሚበልጥ ሰው ነበር፤ እስከ ዛሬ ያንገበግበኛል።

ሼሁ ዘንድ መሄድ ነበረብኝ፤ የሰይድ ጓደኛ መሆኔን ያውቁ ነበር። ስሟን ለእኔም ይንገሩኝ ብዬ እግራቸው ላይ መውደቅ ነበረብኝ። ዛሬ ነገ ስል፣ እውነቱን ልናገር፣ ዓይናቸውን ማየት አፍሬ ስቀር፣ ማረፋቸውን ሰማሁ። ለለቅሶ ቢስቲማ ሄድኩ።

ልጃቸው ዘሃራ ከሴቶቹ መሃል ተነሥታ እያነከሰች መጣች። ግራ እግሯ በነጠላ ቁራጭ ተጠቅልሏል።

«መምህር፣ እንኳን መጡ። ይቺ ቁስል አባዬ እያለ ሽራ ነበር፤ ፈጭቶ ያስቀመጠው ቢያልቅ አገረሸች። ሊሞት ሲል ስሟን ንገረኝ ብዬ ለመንኩት። ‹ምን አስጨነቀሽ፣ እነ ሰይድ ለዓለም በትነዋታል፤ መምህሩን ጠይቂ› አለኝ። ደስ ብሎት ነው የሞተ፣ አልሐምዱሊላህ። እስቲ በሞባይልዎ ያሳዩኝ።»

ለቀስተኛው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ስልኬን አወጣሁ። የማያልፍላት ኮኔክሽን፣ ያን ዕለት ሰይድ ሊጭንበት የነበረውን ገጽ ዓይኔን ጨፍኜ ሳልገልጥ ከፈተችው፤ የመላው ዓለም ፋይል ተደርድሯል።

«ኔትወርክ የለም» አልኳት።

«ግድ የለም» አለች ዘሃራ፤ እግሯን ዘርግታ አጠገቤ ቁጭ አለች፤ «እስኪመጣ እጠብቃለሁ።»