ሊቀ ሯጮች ማዘንጊያና የቡሪው ማራቶን

ሀበሻ በተሰደደበት አገር ሁሉ አንድ «ሯጭ ነበርኩ» ባይ አይጠፋም። ሌላው ሰው ሥራ፣ ቤትና መኖሪያ ፈቃድ ሲፈልግ እሱ የሚፈልገው ሰሚ ብቻ ነው። ሲሮጥ ያየው የለም፣ አብሮት የሮጠ የለም፣ ስንተኛ እንደወጣም የሚያስታውስለት የለም። ያለው አንድ ጉልበት ነው፤ እሱም ከድቶታል።

ለካርቱም የደረሱን ሊቀ ሯጮች ማዘንጊያ ነበሩ። ሹመቱን የሰጠኋቸው እኔ ነኝ። ቡሪ በሚባለው የካርቱም ሰፈር አንድ ግቢ ተከራይተን፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይተን ስለምንኖር ወሬያቸውን ከማንም በላይ ሰምቻለሁና የመሾም መብት አለኝ። መተዳደሪያቸው ረክሻ ነው፤ አገር ቤት ባጃጅ የምንላትን ካርቱም እንዲህ ይሏታል። ዳቦ ቤቱ ከደጃችን ቆመው ይታያል፤ ሊቀ ሯጮች ግን እዚያም የሚሄዱት በረክሻ ነው።

«ጉልበቴ ባይከዳኝ ኖሮ!» ይላሉ፣ ዳቦውን ይዘው ሲወርዱ። አንዳንድ ቀን የከዳቸው ቀኙ ነው፣ አንዳንድ ቀን ግራው። አንድ ጊዜ ይህን ባነሳባቸው ሕመሙ የሚዘዋወር ዓይነት መሆኑን በትዕግሥት አስረዱኝ።

ሱዳኖቹ ሀበሻ ሁሉ ከእናቱ ሆድ ሮጦ የወጣ ስለሚመስላቸው ማስረጃ አልጠየቁም። «ያ በጠል» ይሏቸዋል፤ አንተ ጀግና ማለታቸው ነው። የሚገርመው የኛዎቹም ማመናቸው ነው። ዐማራት በሚባለው ሰፈር ሰው ቤት የምትሠራው የወሎዋ ሬሕማ ለመዳሟ ሳይቀር አውርታላቸው ነበር። የመዳሟ ልጅ ኦመር ደግሞ በየማለዳው የሚሮጥ ጎረምሳ ነው።

ከተማዋ ሰላም በነበረችበት በመጨረሻው ዓመት አንድ የሰፈር ክለብ በመሮጫ ሜዳው ላይ ማራቶን አዘጋጀ። በዚያ ፀሐይ በቀን የሚሮጥ ጤነኛ ስለማይገኝ ሐሙስ ማታ ተጀምሮ ሌሊቱን እንዲሮጥ ተወሰነ። ሜዳዋን ከመቶ ጊዜ በላይ መዞር ማለት ነው። አዘጋጁ ሂሻም የሊቀ ሯጮችን ስም፣ እሳቸውን ሳይጠይቅ፣ ከሁሉም በላይ አስቀመጠው። ሊቀ ሯጮች ወሬውን እንደሰሙ ወዲያው ማነከስ ጀመሩ።

በማግስቱ ሬሕማ ግቢያችን መጣች።

«ዋላሂ ጋሼ ማዘንጊያ፣ ኦመር ‹ሀበሻሽ ፈራ› እያለ ቤቱን በሳቅ ገደለው። እርስዎ ከቀሩ እኔ እዚያ ቤት በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?» አለቻቸው።

ሊቀ ሯጮች ጉልበታቸውን እያሻሹ «ኢንሻአላህ» አሉ። እኔም እንዲህ ያለ ያማረ ውርደት እንዳያመልጠኝ ዙር ቆጣሪያቸው ለመሆን ተመዘገብኩ። ደንቡ እያንዳንዱ ሯጭ የራሱን ቆጣሪ እንዲያመጣ ነበር።

የፉል ባቄላ በዙሩ ልክ ቆጥሬ በጣሳ ያዝኩና ከባዶ ጣሳ ጋር መስመሩ ዳር ተቀመጥኩ። አንድ ዙር ባለፉ ቁጥር አንድ ፍሬ ወደ ባዶው ይዛወራል። ሊቀ ሯጮች ጅብ እንዳየች ፍየል ተፈተለኩ። ለተሰበሰቡት ሴቶች እጃቸውን እያውለበለቡ ኦመርን ጥለውት ሄዱ። ይህ ሁሉ ክብር ሦስት ፍሬ ቆየ። ከዚያ ሶምሶማ ሆነ፣ ከዚያ ጎናቸውን ይዘው እርምጃ። ኦመር እየደረበ ባለፋቸው ቁጥር «ያላ ያ በጠል» ሲላቸው እኔ ጣሳዬን አቅፌ እስቃለሁ። ካርቱም ከገባሁ እንደዚያ ተደስቼ አላውቅም።

ሌሎቹ አንድ በአንድ ጨርሰው ሄዱ። ኦመርም ጨረሰ፤ ግን ጫማውን አውልቆ ሬሕማ አጠገብ ተቀመጠና ይጠብቅ ጀመር። ሂሻም «ኻላስ፣ ይበቃዋል» ብሎኝ ለሱብሒ፣ ለንጋቱ ሶላት ወደ መስጊድ ገባ። ሬሕማ ዳቦና ብርቱካን የያዘ ፌስታሏን አቅፋ ከአጥሩ ንቅንቅ አላለችም። ሊቀ ሯጮች እግራቸው አብጦ ጫማ እምቢ ስላላቸው በካልሲ ይሄዱ ነበር። ሳቄ የትኛው ዙር ላይ እንዳለቀ አላውቅም። ጣሳው ውስጥ ገና ብዙ ፍሬ ቀርቷል፤ የሚቆጥረው እኔ ብቻ ነኝ፤ የሚያየኝም የለም። ዘገን አድርጌ ወደ ሌላው ጣሳ ገለበጥኩ።

ማዘንጊያ አየኝ። መጥቶ ፊቴ ቆመ።

«ስንት ናቸው?» አለኝ።

አሥር ይሆናሉ አልኩት። ጎንበስ ለማለት ብዙ ተቸገረ። ፍሬዎቹን አንድ በአንድ እየለቀመ መለሰ፤ ለጥንቃቄ አሥራ አንድ አደረጋቸው።

«ወሬውን እኔ አሳምረዋለሁ» አለኝ። «ዙሩን ግን አንተ አትንካብኝ።»

ሲጨርስ ፀሐይ ወጥታ ነበር። ኦመር ተነስቶ ወደ ማዘንጊያ ሄደ፤ አልሳቀም፤ ክንዱን ይዞ እስከ ረክሻዋ ደገፈው። ሬሕማ እያለቀሰች ብርቱካን ትልጥለት ጀመር። ረክሻዋን የነዳሁት እኔ ነኝ፤ እንዴት እንደምትቆም ስለማላውቅ አጥራችን አቆመልኝ።

በሳምንቱ ረክሻ ተራው ጋ ስደርስ ማዘንጊያ ሾፌሮቹን ሰብስቦ ያወራል። አንደኛ ወጥቷል። ኦመርን ሁለት ጊዜ ደርቦታል። ቀድሞ ከገባ በኋላ ሌሎቹን ሲጠብቅ ሻይ ጠጥቶ፣ ሻዩ ላይ እንቅልፍ ወስዶታል። ስለ ጉልበቱ ግን አንድ ቃል አልተነፈሰም። አሁን ሁለቱም በእውነት እንደሚያሙት የማውቀው፣ ማታ ማታ በግድግዳው በኩል ሲያቃስት የምሰማው እኔ ብቻ ነኝ።

ከገዳሪፍ አዲስ የመጣ ሙባረክ የሚሉት ሾፌር ወደ እኔ ዞረና እውነቱን ነው ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ማዘንጊያ ቀና ብሎ አላየኝም፤ የረክሻዋን መስታወት ይወለውል ጀመር።

«እኔ ነኝ የቆጠርኩለት» አልኩት። «እንዲያውም አንድ ዙር ትርፍ ሮጧል።»