የዳይሬክተሩ ሁለተኛ ዓይን

ከሥልጠና የተመለሰ መምህር አጋጥሟችሁ ያውቃል? ገና ሰላም ስትሉት «በታላላቆቹ ሠዓሊዎች ስልት…» ብሎ ይጀምራችኋል። አትፍረዱበት፤ እኔው ነኝ።

ደብረ ታቦር ውስጥ የአምስተኛ ክፍል ልጆችን ሥዕል አስተምራለሁ። ከሥልጠናው የዝነኛ ፈረንጅ ሠዓሊዎችን ሥራ የያዙ ወረቀቶች ይዤ መጣሁ። አንዱ ሥዕል ሙሉ በሙሉ በቀለም ነጠብጣብ የተሠራ ነው፤ ሌላው ሰውን ከጎን ያሳያል። ሦስተኛውን፣ ሁለቱም ዓይኖች ከአፍንጫው በአንድ ወገን የተደረደሩበትን ግን «ይሄስ ለልጅ ይከብዳል» ብዬ መሳቢያ ውስጥ ቆለፍኩበት።

ለወላጆች ቀን ብርቄ የተባለች ተማሪዬ ዳይሬክተራችንን ከጎን ሣለቻቸው። ቀለሙም ጥላውም ልክ እንደ ወረቀቱ! እየተኩራራሁ ሰቀልኩት። ልጃቸውን ሊያዩ የመጡ አንድ መሪጌታ ቀረብ ብለው አዩትና በሐዘኔታ ጠየቁኝ።

«እኒህ ሰው ምን በድለው ነው?»

ለካስ በቤተ ክርስቲያናችን ግድግዳ ላይ ቅዱሳን ሁለት ዓይናቸው እየታየ ነው የሚሣሉት፤ ከጎን በአንድ ዓይን የሚሣለው ሰይጣን ነው! ያን ግድግዳ እየተሳለምኩ አድጌ፣ አንድ ቀን እንኳ ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም።

ዳይሬክተሩ ይህን ሲሰሙ ፊታቸው ተለዋወጠ። «በል መምህር፣ ዓይኔን አስመልስልኝ!»

እኔ ምን እንደማደርግ ስጨነቅ ብርቄ ብሩሿን አንሥታ ሁለተኛውን ዓይን ከመጀመሪያው አጠገብ ቁጭ አደረገችው።

«አሁን ሰው መሰልኩ» አሉ ዳይሬክተሩ።

«አሁንስ ጸደቁ» አሉ መሪጌታው።

እኔ መሳቢያዬን ከፍቼ የቆለፍኩበትን ወረቀት አወጣሁ። አንዴ ወረቀቱን፣ አንዴ የብርቄን ሥዕል አየሁ። ለካስ የከበደው ለልጅ አልነበረም።