ውሃ የማያስገባው የክብሪት ቀፎ

(ከመካነ ሰላም ገበያ ሲመለሱ ዝናብ የደበደባቸው ሁለት ጎረቤታሞች ሰው የሌለበት ጎጆ ውስጥ ተጠልለዋል። ሙሐሲን ጠዋት የገዛውን አሮጌ የእንጨት ክብሪት ቀፎ ይዟል። ቢያድግልኝ ኮፍያው ላይ ፌስታል አጥልቋል። ምድጃው ላይ እንጨት ረብርበዋል።)

ሙሐሲን፦ ክዳኑ ወደ ላይ ነው የሚያዘው አልሁህ።

ቢያድግልኝ፦ ወደ ታች ቢሆን ውሃው ይወርድ ነበር ብዬ ነው።

ሙሐሲን፦ የቱ ውሃ? ይሄ እኮ ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ የወጣ ነው። ክዳኑ እንደ መሳቢያ ይንሸራተታል። በዚህች ቀዳዳ ጠፍር ያስገቡና ወገባቸው ላይ ያስሩታል። ወንዝ ቢሻገሩ እንኳ ክብሪቱ አይርስም።

ቢያድግልኝ፦ ብርዱ ጥርሴን እያንቀጫቀጨው ነው። እሳቱን አያይዘህ ብታስረዳኝስ?

ሙሐሲን፦ መጀመሪያ ይግባህ። ይሄን ዘዴ የማያውቅ ሰው ነው ክብሪት በፌስታል የሚቋጥር። ክብሪቱን ወደ ቀፎው ገልብጬ ፌስታሉን ጣለው ያልሁህ ለዚህ ነው።

ቢያድግልኝ፦ አልጣልሁትም። ለበስሁት።

ሙሐሲን፦ አየሁት። ወላሂ፣ ካንተ ጋር መንገድ መሄድ ያሳፍራል።

ቢያድግልኝ፦ ቀፎውን ከማን ገዛኸው?

ሙሐሲን፦ ጨው ተራ ከሚቀመጡ አሮጊት። ድንቅነሽ አሏቸው። ቅርስ መሆኑን አያውቁም መሰል፣ ሳይከራከሩ ሰጡኝ። እንዲያውም መረቁኝ።

ቢያድግልኝ፦ እሳቸው ሲመርቁ አይቼ አላውቅም።

ሙሐሲን፦ ታውቃቸዋለህ?

ቢያድግልኝ፦ አንተ ቀጥል።

ሙሐሲን፦ በል፣ አሁን እይ።

(ክዳኑን ይስባል። እምቢ ይለዋል። በጥርሱ ይዞ ሲጎትተው ይከፈትና ቀፎው ውስጥ የገባው ውሃ ጉልበቱ ላይ ይፈሳል።)

ቢያድግልኝ፦ ይሄም ዘዴው ነው?

ሙሐሲን፦ (የራሰውን ክብሪት እያገላበጠ) አንድም ደረቅ የለ። በዚህ ውርጭ አለቀልን።

(ቢያድግልኝ ፌስታሉን፣ ቀጥሎም ኮፍያውን ያወልቃል። ከኮፍያው ውስጥ ሰባት ክብሪትና ከወረቀት ቀፎ የተቀደደ መጫሪያ ያወጣል። ይጭራል፤ እንጨቱ ይያያዛል።)

ሙሐሲን፦ ይሄ ደግሞ ከየት መጣ?

ቢያድግልኝ፦ ስትገለብጥ ሰባቱን አስቀረኋቸው። አባቴም ጥምጥማቸው ውስጥ ሸጉጠው፣ የዝናብ ገሳቸውን ከላይ ደርበው ነበር የሚሄዱ።

ሙሐሲን፦ የእንጨት ቀፎ አልነበራቸውም?

ቢያድግልኝ፦ ነበራቸው። ውሃ እያስገባ ቢያስቸግራቸው ለእህታቸው ሰጡ። አክስቴ ድንቅነሽ ይኸው ሃያ ዓመት ገበያ እያወጡ፣ ገዢ እያጡ ይመልሱታል።

ሙሐሲን፦ እና ይሄን እያወቅህ ዝም ብለህ ታዳምጠኛለህ?

ቢያድግልኝ፦ (እጁን እያሞቀ) መጀመሪያ ይግባህ አልኸኝ። ገና እየገባኝ ነበር።