ንፋስ እንዳይመታኝ

ዘመን የማያመጣው ነገር የለም። ኮምፒዩተር ላይ ተጎልታ የምትውለው የእህቴ ልጅ ባለፈው ሰሞን አንድ ወሬ አጫወተችኝ። ኮምፒዩተር የሚሠሩት ሰዎች ማየቱና መስማቱ አልበቃ ብሏቸው፣ ኮምፒዩተር ለሰው በንፋስ እንዲናገር እያደረጉት ነው አሉ። ወደ ግራ ታጠፍ ሊልህ ሲፈልግ ግራ ጉንጭህን እፍ ይልሃል፤ አደጋ ካለ ማጅራትህን። «አይገርምም ጋሼ?» አለችኝ። ምኑ ይገርመኛል? እኔ በንፋስ ስነጋገር እሷ መች ተወለደችና። እናንተም ሳትስቁ ስሙኝ።

በደርግ ጊዜ ነው፤ ብሔራዊ ውትድርና የሚሉት ነገር ወጣቱን ከየቤቱ በሚለቅምበት ዘመን። ቤታችን ከላሊበላ ወደ ነአኩቶ ለአብ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ገደሉን ተደግፎ የተሠራ ነው። ቤቱ ውስጥ፣ ከእህሉ ጎታ ጀርባ፣ ሰው በደረቱ ተስቦ የሚገባበት ዋሻ አለ። በወዲያኛው ጫፉ ደግሞ እጅ የማያሾልክ ስንጥቅ አለው። ቀን ቀን እዚያ እደበቃለሁ። ድንጋዩ ድምፅ የሚባል አያሳልፍም፤ እናቴ ቤት ውስጥ እሪ ብትል እኔ ዘንድ አይደርስም። ታዲያ ሰው መምጣቱን በምን ልወቅ? በንፋስ። የቤቱ በር ወለል ብሎ ሲከፈት በስንጥቁ ቀዝቃዛ ንፋስ ይገባና ማጅራቴን ዳብሶኝ ያልፋል። በሩ ሲዘጋ ጸጥ ይላል። ስለዚህ ተዋዋልን፤ ባዕድ ሰው ሲመጣ እናቴ በሩን ከፍታ ትተወዋለች፣ ሲሄድ ትዘጋዋለች። ንፋስ ካለ ንቅንቅ አልልም፤ ሲቆም እወጣለሁ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም። ጨለማውስ ይለመዳል። የማይለመደው ማጅራትን ለአየር አስጥቶ መዋል ነው። የገዛ ትንፋሼ ድንጋዩን ነክቶ ሲመለስ እንኳ መጡ እያልኩ ማጅራቴን በእጄ እሸፍናለሁ።

አንድ ቀን ከቀትር በኋላ ንፋሱ መጣ። መጣና አልቆም አለ። ጊዮርጊስን በልቤ እየጠራሁ ጥርሴን ነክሼ ተቀመጥኩ። ጥቂት ቆይቶ ጸጥ አለ። ሄዱ ማለት ነው። ተመስገን ብዬ በደረቴ እየተሳብኩ ወጣሁ።

የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር ከታጣቂው ጋር መደቡ ላይ ተቀምጧል።

ለካስ ሰውዬው ዳገቱን ሲወጣ ላብ አጥምቆት ኖሯል። እንደተቀመጠ፣ «እትዬ፣ በሩን ይዝጉት እንጂ፤ ላብ ላይ ነኝ፣ ንፋስ ይመታኛል» ይላታል። አውቶቡስ ውስጥ መስኮት ለመክፈት የሞከረ ሰው ይፍረደን፤ በአገራችን እንዲህ ለሚል ሰው የማይዘጋ ማን አለ? የእናቴ እጅ ቀድሟት ዘጋው። ያደረገችው የገባት ከዘጋችው በኋላ ነው።

ሊቀመንበሩ ሲያየኝ መጀመሪያ እሱም ደነገጠ። ከዚያ ፈገግ ብሎ፣ «አብሽር፣ ና ውጣ» አለኝ። እጄን የፊጥኝ አሰሩኝ። ታጣቂው በሩን ሊከፍት ሲል እናቴ ሄዳ ተደገፈችው። ልጄን ተዉልኝ አላለችም፤ እንደማይሆን ታውቃለች።

«ጓድ ሊቀመንበር፣ ልጁ ላብ በላብ ሆኗል። እንዲህ ሆኖ ቢወጣ ንፋስ ይመታዋል። ላቡ እስኪደርቅለት ይታገሡኝ» አለች።

ታገሣት። ሰውን ለጥይት የሚልክ ሰው፣ ለንፋስ አሳልፎ መስጠት ግን ከበደው። ቁጭ ብለን ላቤን መጠበቅ ጀመርን። የፍርሃት ላብ ደግሞ መች ይደርቃል? እናቴ በነጠላዋ ትጠርጋለች፣ እኔ አወጣለሁ። ሊቀመንበሩ በየመሀሉ ግንባሬን በመዳፉ ይነካና «ገና ነው» ይላል። በመጨረሻ ምልምሎቹ ወደሚሰበሰቡበት ወደ ኮን ከተማ የሚወስደን መኪና ከመንገዱ ጥሩምባውን ነፋ። እናቴ ነጠላዋን አፍና አፍንጫዬ ላይ ጠመጠመችልኝና ወጣሁ።

ሰሜን ግንባር ወሰዱኝ። ጭኔን ጥይት መታኝ፤ ትከሻዬን የመድፍ ፍንጣሪ መታኝ። ከብዙ ጓደኞች ጋር ሄጄ ከጥቂቶቹ ጋር ተመለስኩ። እያነከስኩ ቤት ስገባ እናቴ አገላብጣ አየችኝ፤ አለቀሰች፤ ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ለተሰበሰበው ጎረቤት እንዲህ አለች፦

«ተመስገን ነው፤ ንፋስ አልመታውም።»