ጋቢ የለበሰችው ጽጌረዳ

[ላሊበላ፣ የአቶ ኢያቄም ግቢ። ኢያቄም የላስታ ጽጌረዳ ወዳጆች ማኅበር ሊቀ መንበር ነው። ወዳጅነቱ ታዲያ ከጽጌረዳው ጋር እንጂ ከአባላቱ ጋር አይደለም፤ እነሱንስ ይንቃቸዋል። ዛሬ የደሴ ጽጌረዳ ወዳጆች የእሱን አንዲት አበባ ሊያዩ በመኪና እየመጡ ነው። «እንዲህ ያለች ዘር በወሎ ምድር ከእኔ ግቢ በቀር አትገኝም» ብሎ በቴሌግራም የጻፈላቸው ራሱ ስለሆነ፣ ስሙም ሊቀ መንበርነቱም በዚህች ተክል ላይ ተንጠልጥሏል። ተክሏ ጋቢ ለብሳለች። ጎረቤቱ ደሳለ፣ የማኅበሩ አባልና ነገር ቶሎ አይገባውም የሚባል ሰው፣ የጋቢውን ጫፍ ገልጦ ከሥሯ ቁጢጥ ብሏል።]

ኢያቄም፦ አትተንፍስባት አልኩህ እኮ!

ደሳለ፦ ታዲያ ትንፋሼን የት ልጣለው፣ አያ ኢያቄም?

ኢያቄም፦ ወደዚያ ዞረህ ተንፍስ። ጠዋት ሽሮ በልተሃል፤ ሽታው ይደርሳታል።

ደሳለ፦ ሽሮ አልበላሁም፤ ቆሎ ነው።

ኢያቄም፦ ቆሎ ይብሳል! ይቺ ፍጥረት የኛን አገር ትንፋሽ የምትችል ይመስልሃል? የእሷ የአየር ንብረት ሌላ ነው።

ደሳለ፦ ንብረትነቷስ ያንተ ነው፤ ማን ካደ? እኔ የማላውቀው አየሩን ነው።

ኢያቄም፦ [ዓይኑን ወደ ሰማይ ሰቅሎ] የአየር ንብረት! አንድ ላይ ነው የሚነገረው! እንዲህ ካለው ሰው ጋር አንድ ማኅበር ገብቼ!

ደሳለ፦ እሺ፣ ጋቢውን ግን እናውልቅላት። ፀሐይ ወጥታለች።

ኢያቄም፦ ቀስ ብላ ነው የምትሞቀው። ሌሊቱን እኔ በነጠላ እየተንቀጠቀጥኩ ጋቢዬን ለእሷ የሰጠሁት በመጨረሻው ሰዓት እንድትታመምብኝ ነው? ሚስቴ ዓይናዲስ እንኳ «እኔን ሲበርደኝ መች አለበስከኝ» ብላ እስካሁን አኩርፋለች።

ደሳለ፦ የኩልመስክ አባሎቻችን ውርጭ እያለባቸው ለአበባቸው ጋቢ አያለብሱም።

ኢያቄም፦ ኩልመስኮች አበባ አላቸው? ያላቸው ውርጭ ነው! ስብሰባ ላይ ተነሥተው «የኛ ውርጭ፣ የኛ ውርጭ» ሲሉ አልሰማህም? የገነተ ማርያሞቹም ያው ናቸው፤ የሚያሳድጉት ነፋስ ነው። አበባቸው በፈካ ቀን ቅጠሉን ከጎረቤት ግቢ ይለቅማሉ።

ደሳለ፦ ደሴዎቹስ?

ኢያቄም፦ ደሴዎች ዓመቱን ሙሉ ጉም ውስጥ ተቀምጠው አበባ አየን ይላሉ። ያዩት ጉሙን ነው። ዛሬ ዓይናቸውን ልገልጥላቸው ነው የጠራኋቸው።

ደሳለ፦ [ራሱን እያከከ] እንግዲያው ሳይመጡ አንድ ነገር ልንገርህ። ይቺ አበባ…

ኢያቄም፦ ከባሕር ማዶ የመጣች!

ደሳለ፦ ከወንዝ ማዶ።

ኢያቄም፦ ባሕር! ባሕር ነው የተሻገረችው! የሆላንድ ችግኝ ናት ብሎ የሚስቴ ወንድም ዘመኑ ከአዲስ አበባ ጭኑ ላይ አስቀምጦ በአውሮፕላን ያመጣት! ወንዝ በአውሮፕላን ይሻገራል?

ደሳለ፦ እኔስ በእግሬ ነው የተሻገርኩት።

ኢያቄም፦ ስለ አንተ ማን አወራ?

ደሳለ፦ ዘመኑ ግን ቀይ ታብባለች አላለም ነበር? ይቺ ነጭ ናት።

ኢያቄም፦ ከፍታው ነው ያነጣት። እዚህ ኦክስጅን ያንሳል፤ ኦክስጅን ሲያንስ ቀለም ይለቃል። በስብሰባ አስረድቼ አልነበረም?

ደሳለ፦ ታዲያ እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አድጌ ምነው ሳልነጣ ቀረሁ?

ኢያቄም፦ አንተ አበባ ነህ?

ደሳለ፦ አይደለሁም።

ኢያቄም፦ አበቃ!

ደሳለ፦ የሌሎቹ ጽጌረዳ እኮ ድርብርብ ነው። የእሷ አበባ አምስት ቅጠል ብቻ ነው ያለው።

ኢያቄም፦ ጨዋ ናታ። ቅጠል መደራረብ ልታይ ልታይ ማለት ነው።

ደሳለ፦ [የተቧጨረ እጁን እያሳየ] እሾኋ ግን ጨዋ አይደለም።

ኢያቄም፦ የሠለጠነ እሾህ ነው። ማንን እንደሚወጋ ያውቃል።

[ደሳለ ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ። ኢያቄም ተናደደ። ተቀምጦ የሚያናድደው አንሶ፣ ደግሞ እንደ ሽማግሌ ቆሞ ሊናገር ነው!]

ደሳለ፦ አያ ኢያቄም፣ በላሊበላ ይዤሃለሁ፣ አትቆጣ። አምና ወልድያ ለሠርግ ስትሄድ ይቺን አደራ ብለኸኝ አልነበር?

ኢያቄም፦ ብዬሃለሁ። ውኃ አጠጣት አልኩህ።

ደሳለ፦ ውኃ ልቀዳ በሄድኩበት የጎረቤታችን የአሰለች ፍየል ገባች።

ኢያቄም፦ የፍየል ፍግ መልካም ነው። ምን ያስጨንቅሃል?

ደሳለ፦ ፍግ አልጣለችም። በላች።

ኢያቄም፦ ምን በላች?

ደሳለ፦ ሆላንድን።

ኢያቄም፦ [ድምፁ ቀጥኖ] ጫፏን ነው አይደል? ጫፏን ቀመስ…

ደሳለ፦ ጫፏንም፣ ግንዷንም፣ ሥሯንም ነቅላ። ዘመኑ ያሰረባትን ክር እንኳ አልማረችም።

ኢያቄም፦ ታዲያ… ይቺ ምንድን ናት?

ደሳለ፦ ስትመጣ ባዶ ጉድጓድ አይተህ እንዳትደነግጥ ብዬ፣ ከወንዝ ማዶ፣ ወደ ነአኩቶ ለአብ ከሚወስደው መንገድ ዳር ቀጋ ነቅዬ ተከልኩልህ።

ኢያቄም፦ ቀጋ! አጥር የሚታጠርበት ቀጋ?

ደሳለ፦ ልጆች ፍሬውን የሚበሉት። እሱው ራሱ።

[ኢያቄም ጋቢውን አየ። ድንጋይ ለድንጋይ የሚበቅለውን፣ ውርጭ ቢወርድ በረዶ ቢወርድ ግድ የሌለውን የዱር እሾህ ሲያለብስ ከርሞ፣ እሱ በነጠላ አድሯል። አፈረ፤ እፍረቱ ደግሞ ከብርዱ ባሰበት።]

ኢያቄም፦ ያኔውኑ ለምን አልነገርከኝም?

ደሳለ፦ ልነግርህ መጥቼ ነበር። አንተ ግን ከመኪና እንደወረድክ ሄደህ ታቀፍካትና «ያለ እኔ እንዲህ አደገች፣ ዘር ማለት ይሄ ነው!» ብለህ አለቀስክ። የሚያለቅስ ሰው ምን ተብሎ ይነገረዋል?

ኢያቄም፦ [ዙሪያውን ቃኝቶ፣ በሹክሹክታ] ደሳለ፣ ወንድሜ፣ ይህን ከአንተ ሌላ የሚያውቅ አለ?

ደሳለ፦ ማንም የለም።

ኢያቄም፦ እግዜር ይስጥልኝ!

ደሳለ፦ ከማኅበሩ በቀር።

ኢያቄም፦ የትኛው ማኅበር?

ደሳለ፦ የኛው ነዋ። የጽጌረዳው።

ኢያቄም፦ የማኅበራችን ሽማግሌ መሪጌታ ወልደ ኪዳንም?

ደሳለ፦ እሳቸውማ ገና ከሩቅ አይተው ነው የለዩት። «ዝም በሉ፣ ጨርሶ ያስረዳን» ያሉንም እሳቸው ናቸው።

ኢያቄም፦ ስለ እሷ ባስተማርኩ ቁጥር ያ ሁሉ ጭብጨባ ታዲያ…

ደሳለ፦ ከልባችን ነው! የኩልመስኮቹ ለሌላ ስብሰባ እግራቸውን አያነሡም፤ አንተ ታስተምራለህ ከተባለ ግን ከነቤተሰባቸው ነው የሚመጡት። ባለፈው ሳቅ አፍኖት የወጣውን የቆላ ሰውዬ እንኳ «ቆላ ለምዶ ብርዱ ሳል አስነሣበት» ብለህ አዘንክለት።

[ከበር ውጭ የመኪና ክላክስ ይሰማል።]

ኢያቄም፦ መጡ! ጉድ ሆንኩ! ሩጥ፣ በሩን ቀርቅረው! አበባዋ ትናንት ሞተች በላቸውና ይመለሱ!

ደሳለ፦ [በሩን ሊከፍት እየሄደ] የአበባዋን ነገር ተወው፣ አያ ኢያቄም። ጽጌረዳማ ደሴም ሞልቷል። እነሱ የመጡት ወሬህን ሰምተው አንተን ለማየት ነው።